«ዱድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፦ ስለ ትርጉሙ፣ ስለ አመጣጡና ስለ አጠቃቀሙ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ ፊልሞች፣ በወጣቶች ጨዋታና በስልክ መልእክቶች ውስጥ ደጋግመን ከምንሰማቸው የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ዱድ» ነው። መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው «ሰውዬ» ወይም «ጓደኛ» የሚል አጭር ፍቺ ያገኛል። ፍቺው ስሕተት ባይሆንም፣ ይኸው ቃል አንዳንድ ጊዜ የፍቅር፣ አንዳንድ ጊዜ የድፍረት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የድንጋጤ ድምፅ የሚኖረው ለምን እንደ ሆነ አይነግረንም። ያንን ለመረዳት ቃሉ ከየት ተነሥቶ በእነማን አፍ እያለፈ ዛሬ ካለበት እንደ ደረሰ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚከተሉት መልሶች የተዘጋጁት እንግሊዝኛ ለሚማሩና ልጆቻቸውን እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር ለሚያሳድጉ አንባቢዎች ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ «ዱድ» ምን ማለት ነው?

ቃሉ በአሁኑ እንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት። የመጀመሪያው ስለ ሦስተኛ ወገን ሲወራ የሚሠራው የስምነት ሥራ ነው። አንድ አሜሪካዊ ወጣት «አንድ ዱድ በሩ ላይ ቆሟል» ቢል «አንድ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሟል» ማለቱ ነው። ስለ ሰውዬው መልክ፣ አለባበስ ወይም ጠባይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ በዚህ አገባቡ የሚያመለክተውም ወንድን ነው።

ሁለተኛውና ይበልጥ የተስፋፋው ሥራው መጥሪያነት ነው። ተናጋሪው ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው «ዱድ» ብሎ ሲጠራ «አንተና እኔ እኩዮች ነን፤ በመካከላችን ወግ የለም» የሚል ስሜት አብሮ ያስተላልፋል። ከዚህም አልፎ ቃሉ ማንንም ሳይጠራ እንደ ቃለ አጋኖ ብቻ ሊያገለግል ይችላል። ብርጭቆ ከእጁ አምልጦ ሲሰበር ብቻውን ቤት ውስጥ ያለ ወጣት «ዱድ!» ሊል ይችላል። እነዚህን አገባቦች ለይቶ መስማት ከዚህ በታች ለሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ቁልፍ ስለ ሆነ ከመጀመሪያው ልብ ሊባል ይገባል።

ቃሉ መቼና የት ታወቀ?

ቃሉ በሕዝብ ዘንድ የታወቀበት ጊዜ ለአንድ የስላንግ (ከመደበኛው ቋንቋ ውጭ የሆነ የሰፈር አነጋገር) ቃል ባልተለመደ ትክክለኛነት ሊነገር ይችላል፤ ይኸውም በ1883 መጀመሪያ በኒው ዮርክ ከተማ ነው። በዚያ ዓመት ጥር 14 ቀን «ኒው ዮርክ ወርልድ» የተባለው ጋዜጣ ሮበርት ሴል ሂል የተባለ ሰው የጻፈውን ስለ «ዱድ» እውነተኛ አመጣጥና ታሪክ እነግራችኋለሁ የሚል የሽሙጥ ግጥም አወጣ። ግጥሙ የሚያሾፈው ሀብታም ወላጆች ባሏቸው፣ ሥራ በሌላቸው፣ ለልብሳቸው ብቻ በሚጨነቁና የእንግሊዝ መኳንንትን አነጋገር ለመኮረጅ በሚደክሙ የከተማዋ ወጣቶች ላይ ነበር። ቃሉ ከዚያ በኋላ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የአገሪቱ ጋዜጦች ሁሉ ስለ «ዱድ» ይጽፉ፣ ሥዕል ይሥሉ፣ ይቀልዱም ጀመር።

ከግጥሙ በፊት ቃሉ በጥቂት ሰዎች አፍ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ስላንግ ወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት በአፍ የሚኖር ነገር ነውና። ሆኖም ከጥር 1883 በኋላ የሆነውን ጩኸት ያየ ሰው ቃሉ ለብዙኃኑ አንባቢ ፍጹም አዲስ እንደ ነበረ አይጠራጠርም። ጋዜጦቹ ራሳቸው «ይህ ዱድ የሚባለው ምንድን ነው?» እያሉ ለአንባቢ ያብራሩ ነበር።

ታዲያ ቃሉ ከምን የተገኘ ነው?

ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት በትዕግሥት የመረመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው በሚዙሪ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጄራልድ ኮኸን፣ ሁለተኛው ደግሞ የድሮ ጋዜጦችን በመፈተሽ የታወቀው ባሪ ፖፒክ ነው። የሰበሰቡትን ማስረጃ ኮኸን በሚያዘጋጁት «ኮሜንትስ ኦን ኤቲሞሎጂ» በተባለው መጽሔት ያወጡ ሲሆን፣ የደረሱበት መደምደሚያ «ዱድ» የተገኘው «ያንኪ ዱድል» ከሚለው የታወቀ ዘፈን፣ በተለይም «ዱድል» ከሚለው ቃል ነው የሚል ነው።

«ዱድል» በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛ «ሞኝ፣ ቂል» ማለት ነበር። ዘፈኑን በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ወታደሮች የአሜሪካ ቅኝ ነዋሪዎችን ለማዋረድ ይዘፍኑት ነበር። በጣም የሚታወቀው ስንኝ ስለ አንድ የገጠር ሰው ይናገራል፤ ሰውዬው በትንሽ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ወደ ከተማ ይገባል፣ ባርኔጣው ላይ አንዲት ላባ ይሰካና «ማካሮኒ» ይላታል። እዚህ ላይ ማካሮኒ የሚበላው ፓስታ አይደለም። በዚያ ዘመን ለንደን ውስጥ ከጣሊያን ተመልሰው የባሕር ማዶ ፋሽን የሚያሳዩ፣ ከልክ በላይ የተሽሞነሞኑ ወጣቶች «ማካሮኒ» ይባሉ ነበር። የስንኙ ስድብ እንግዲህ «ይህ ባላገር በአንዲት ላባ ብቻ የዘመኑ ዘናጭ የሆነ መስሎታል» የሚል ነው። አሜሪካውያኑ ግን በነጻነት ጦርነታቸው ዘፈኑን ወርሰው የራሳቸው የኩራት ዜማ አደረጉት።

እንግዲህ ከመቶ ዓመት በኋላ በኒው ዮርክ ጎዳናዎች ላይ ባሕር ማዶን ለመምሰል የሚደክሙ ዘናጮች በታዩ ጊዜ፣ ተሳላቂዎች ከዚያ ዘፈን ውስጥ «ዱድል»ን ቆረጥ አድርገው «ዱድ» አሉ። በመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች ውስጥ ቃሉ «ዱድል» በሚጻፍበት መንገድ፣ ማለትም በሁለት «ኦ» ተጽፎ መገኘቱም ይህን ሐሳብ ያጠናክራል። የቃላት አመጣጥ እንደ ሒሳብ ፍጹም ማረጋገጫ የሚገኝለት ነገር ባይሆንም፣ እስካሁን ከቀረቡት ሐሳቦች ሁሉ በተጻፈ ማስረጃ የተደገፈው ይህ ነው።

የ1883ቱ «ዱድ» ምን ይመስል ነበር?

ከእግሩ እንጀምር። ጫማው ጫፉ የሾለ፣ ሱሪው ከእግሩ ጋር የተጣበቀ፣ ኮቱ አጭርና ጥብቅ፣ አንገትጌው አገጩን እስኪነካ የቆመና በስታርች የደረቀ፣ ባርኔጣው ክብ፣ እጁ ላይ ቀጭን ከዘራ፣ ከንፈሩ ላይ ሲጋራ። በአንድ ዓይን ብቻ የሚደረግ መነጽር የሚያደርጉም ነበሩ። አነጋገሩ የተጎተተና እንግሊዛዊ ለመምሰል የተደረገ ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ የሚታማው ግን ምንም ነገር የማያስደንቀው መስሎ በመታየቱ ነበር።

ይህ ሁሉ በድንገት የመጣ አይደለም። አየርላንዳዊው ጸሐፊ ኦስካር ዋይልድ በ1882 አሜሪካ ገብቶ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ስለ ውበትና ስለ ጥበብ ንግግር ሲያደርግ፣ ረጅም ፀጉሩና የቬልቬት ልብሱ የጋዜጦች መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ለአለባበስ የሚጨነቅ ወንድ በሚያስቅበት በዚያ ዘመን፣ ሕዝቡ የሚያየውን ነገር የሚጠራበት አዲስ ስም የፈለገ ይመስላል፤ በማግሥቱ ዓመት ስሙ ተገኘ።

ከዘናጮቹ ሁሉ ዝነኛው ኢቫንደር ቤሪ ዎል የተባለ የኒው ዮርክ ሀብታም ሲሆን፣ ጋዜጦች «የዱዶች ንጉሥ» የሚል ማዕረግ ሰጥተውት ነበር። በመጋቢት 1888 ከተማዋን ከባድ የበረዶ ማዕበል በመታት ጊዜ እስከ ጭኑ የሚደርስ የሚያብረቀርቅ የቆዳ ቦት ተጫምቶ ወደ ሆቴል መጠጥ ቤት እንደ ገባና በዚያው ማዕረጉን እንዳረጋገጠ ይተረካል። ማርክ ትዌይን ደግሞ በ1889 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ጥሩር የለበሱ የጥንት ፈረሰኞችን «የብረት ዱዶች» ብሎ ጠርቷቸዋል። ቃሉ ሰባት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ማብራሪያ የማያስፈልገው ሆኖ ነበር ማለት ነው። ለሴት ዘናጮችም «ዱዲን» እና «ዱደስ» የሚሉ ቃላት ተፈጥረው ነበር፤ እነዚህ ግን ሥር ሳይሰዱ ቀርተዋል።

ቃሉ «በዝሆን መቀመጫ ላይ የበቀለ የቆሰለ ፀጉር» ማለት ነው የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ይህ በኢንተርኔት ላይ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የፈጠራ ወሬ ነው፤ በየትኛውም የቆየ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉ በዚህ ትርጉም ተጽፎ አልተገኘም። ወሬው የሚስፋፋው የሚያስቅና ለመናገር የሚያጓጓ ስለ ሆነ ብቻ ነው።

ከዚህ ይልቅ ቁም ነገር ያላቸው ሌሎች መላምቶች አሉ። አንዱ ቃሉ «ልብስ፣ ጨርቅ» የሚል ትርጉም ካለው «ደድዝ» ከሚባል የቆየ የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ይዛመዳል የሚል ነው፤ ሌላው የጀርመን ቋንቋ ዘዬዎች ውስጥ ሞኝን ከሚያመለክት ቃል ያመጣዋል፤ ከአይሪሽ ነው የሚሉም አሉ። የሦስቱም ችግር አንድ ነው። ድምፃቸው ቢቀራረብም፣ ከእነዚያ ቃላት ተነሥቶ እስከ 1883ቱ የኒው ዮርክ ጋዜጣ የሚያደርስ የተጻፈ መንገድ የላቸውም። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አይሆንም።

«ዱድ ራንች» የሚባለውስ ምንድን ነው?

ይህ የቃሉ ሁለተኛ ሕይወት ነው። ቃሉ ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ወደ አሜሪካ ምዕራብ ሲደርስ ትርጉሙን በከፊል ቀየረ። በምዕራቡ ሜዳ ላይ ከብት የሚያግዱት ካውቦዮች ከምሥራቅ ከተሞች የመጣን፣ ፈረስ መጫን የማያውቅን፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰን ሰው ሁሉ «ዱድ» ይሉት ጀመር። በእኛ አነጋገር ብንገልጸው፣ ያው አንድ ሰው በከተማው ዘናጭ፣ በከብት እርባታው ግን ፋራ ሆነ ማለት ነው።

የኋላው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1883 ጎሽ ለማደን ወደ ዳኮታ ግዛት ሲሄድ ገና የ24 ዓመት የኒው ዮርክ ወጣት ነበር። መነጽር ስለሚያደርግ የአካባቢው ሰዎች «አራት ዓይን» እያሉ ያላግጡበት ነበር። በእኛ ዘንድ «አራት ዓይና» ለታላቅ የመጻሕፍት ሊቅ የሚሰጥ የክብር ስም ሲሆን፣ በዚያ ሜዳ ግን የከተማ ሰውነት ነውር ምልክት ነበር። ሩዝቬልት እዚያው ከብት አርብቶ፣ ከእነርሱ ጋር ውሎ አድሮ አክብሮታቸውን አገኘ።

በዚያው በዳኮታ፣ ሜዶራ ከተባለች ከተማ አጠገብ፣ ሃዋርድ፣ ዊሊስና አልደን ኢተን የተባሉ ከፒትስበርግ የመጡ ሦስት ወንድማማቾች ከብት ያረቡ ነበር። ወዳጅ ዘመዶቻቸው ከምሥራቅ እየመጡ ለሳምንታትና ለወራት ስለሚሰነብቱ ወጪው ከበዳቸው፤ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከእንግዶቹ አንዱ ለመኝታውና ለምግቡ እከፍላለሁ ሲል አዲስ የንግድ ሥራ ተወለደ። የከተማ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ለአጭር ጊዜ እንደ ካውቦይ የሚኖሩበት የከብት እርባታ «ዱድ ራንች» ተባለ። ወንድማማቾቹ በ1904 ወደ ዋዮሚንግ ተዛወሩ፤ በ1926 ደግሞ የዱድ ራንች ባለቤቶች በባቡር ኩባንያ ድጋፍ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ባቡሮቹ መንገደኛ ስለሚፈልጉ፣ ራንቾቹም እንግዳ ስለሚፈልጉ ጥቅማቸው ተገናኝቶ ነበር። እነዚህ ማረፊያዎች ዛሬም አሉ፤ እዚያ ለእንግዳው «ዱድ» ማለት ስድብ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል።

ስድብ የነበረው ቃል እንዴት የወዳጅነት መጥሪያ ሊሆን ቻለ?

የቃሉ ታሪክ እጅግ አስፈላጊው ክፍል ይህ ነው፤ በዚህ ላይ ሰፋ አድርጎ መናገር ተገቢ ይመስለኛል። ሪቻርድ ሂል የተባለ ተመራማሪ በ1994 «አሜሪካን ስፒች» በተባለው መጽሔት የቃሉን ጉዞ ሲተርክ እንዳሳየው፣ ለውጡ የተፈጸመው በሀብታሞቹ ሰፈር አልነበረም። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ «ዱድ»ን አንሥተው የራሳቸው ያደረጉት የከተማ ጥቁር አሜሪካውያንና የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ወጣቶች ናቸው።

እነዚህ ወጣቶች «ዙት ሱት» የሚባል ልብስ ይለብሱ ነበር፤ ኮቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ትከሻው እጅግ የሰፋ፣ ሱሪው ከወገብ በላይ የሚታሰርና ከላይ ሰፍቶ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠብ ነበር። በየዕለቱ ዝቅ ተደርጎ ለሚታይ ወጣት እንዲህ ያለ ልብስ ለብሶ በአደባባይ መታየት «አለሁ» ማለት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት የሱፍ ጨርቅ አጠቃቀምን ሲገድብ ይህን ያህል ጨርቅ የሚበላ ልብስ አገርን እንደ መካድ ተቆጠረ፤ በሰኔ 1943 በሎስ አንጀለስ የባሕር ኃይል አባላትና ሌሎች ወታደሮች ዙት ሱት የለበሱ ወጣቶችን፣ በተለይም የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸውን፣ በየመንገዱ እየያዙ ደበደቡ፣ ልብሳቸውንም እየቀደዱ ጣሉ።

ስለ አለባበሱ ለሚጨነቅ ወንድ የተፈጠረው የድሮ ስድብ በእነዚህ ወጣቶች መካከል ትርጉሙ ተገለበጠ። «ዱድ» መባል በልብሱና በአቋሙ የሚኮራ፣ ከእኛ አንዱ የሆነ ሰው መባል ሆነ። የውጭ ሰው ለማሾፍ የሚጠቀምበት ስም፣ የውስጥ ሰዎች እርስ በርስ ሲጠራሩበት የመተማመን ምልክት ይሆናል፤ «ያንኪ ዱድል» የተባለውን መሳለቂያ አሜሪካውያን ወስደው የራሳቸው እንዳደረጉት ማለት ነው። ቃሉ በዚህ መንገድ ወደ ጥቁር አሜሪካውያን የዕለት ተዕለት ንግግር ከገባ በኋላ ልብስን የሚመለከተው ትርጉሙ ቀስ በቀስ እየረገፈ «ሰው፣ ወዳጅ» የሚለው ብቻ ቀረ። ዛሬ ብዙ ሰው ቃሉን ከነጭ የካሊፎርኒያ ወጣቶች ጋር ብቻ አያይዞ ያስበዋል፤ ይህ ግን ቃሉን አድሰው ያቆዩትን ሰዎች መርሳት ስለ ሆነ ፍትሐዊ አይደለም።

ታዲያ ከካሊፎርኒያና ከሰርፈሮች ጋር የሚያያዘው ለምንድን ነው?

በ1960ዎቹ ቃሉ ከጥቁር አሜሪካውያን ንግግር ወደ ሂፒዎችና በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ በማዕበል ላይ በሳንቃ ወደሚንሸራተቱት ሰርፈሮች ተሻገረ። በዚያን ጊዜ ገና ለሁሉም ሰው የታወቀ አልነበረም። በ1969 በወጣው «ኢዚ ራይደር» በተሰኘው ፊልም ውስጥ ተዋናዩ ጃክ ኒኮልሰን የሚጫወተው የአንዲት ትንሽ ከተማ ጠበቃ «ዱድ» ሲባል ሰምቶ ምን ማለት እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ የሚያውቀው የዱድ ራንቹን ብቻ ነበር። ባለ ሞተር ሳይክሉ ወጣት ጥሩ ሰው ማለት ነው ብሎ ያስረዳዋል። አሮጌውና አዲሱ ትርጉም በአንድ ንግግር ውስጥ ፊት ለፊት የተገናኙበት ቦታ ስለ ሆነ የቃሉን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያነሡታል። ከዚያ በኋላ በ1980ዎቹ የወጡ የወጣት ፊልሞች የሰርፈሩን አነጋገር በመላው ዓለም አሰራጩት፤ ቃሉ ወደ እኛ ጆሮ የደረሰውም በአብዛኛው በዚሁ በፊልምና በቴሌቪዥን መንገድ ነው።

አንድ ቃል ሆኖ ሳለ ይህን ሁሉ ስሜት እንዴት ይገልጻል?

የድምፁ አወጣጥ ነው ልዩነቱን የሚፈጥረው። በረጅሙ ተጎትቶ ድምፁ ከፍ ብሎ ከወረደ መደነቅን ያሳያል። በአጭሩና በጠንካራው ከተባለ «ተው እንጂ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ዝግ ብሎ በለስላሳው ከወጣ ደግሞ ጓደኛ ላይ ለደረሰ ችግር የሐዘኔታ ድምፅ ይሆናል።

በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልሳን ምሁር የሆነው ስኮት ኪስሊንግ በ2004 በዚያው «አሜሪካን ስፒች» ባወጣው ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎች ቃሉን በእውነተኛ ንግግር ውስጥ እንዴት እንደሚጠቀሙበት መርምሯል። በእርሱ ትንታኔ ቃሉ በተለይ ወጣት ወንዶች ሁለት የሚጋጩ ፍላጎቶቻቸውን እንዲያስታርቁ ይረዳቸዋል። ወዳጅነታቸውን መግለጽ ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ከልክ በላይ ተቀራረቡ መባልን ይፈራሉ። «ዱድ» ቅርበትንም ርቀትንም በአንድ ጊዜ ስለሚይዝ «ወዳጄ ነህ፤ ግን አናካብደው» ለማለት ያገለግላል። ወቀሳን ለማለዘብም እንዲሁ፤ «ዱድ፣ ያን ባታደርግ ጥሩ ነበር» የሚለው ያለ ቃሉ ቢነገር ጠብ ሊጭር ይችላል።

ለሴት «ዱድ» ይባላል?

መጥሪያ ሲሆን አዎ። የኪስሊንግ ጥናት እንደሚያሳየው ቃሉ በብዛት የሚሰማው ወንድ ለወንድ ሲናገር ቢሆንም፣ ሴቶችም እርስ በርሳቸው ይጠራሩበታል። ስለ አንዲት ሴት በሦስተኛ ወገን ሲወራ ግን «አንድ ዱድ» ማለት አያስኬድም፤ ሰሚው ወንድ መስሎት ይሳሳታል። በዚህ ላይ ቃሉ ሲነገራቸው ቅር የሚላቸው ሴቶች መኖራቸውን ማስታወስ ይገባል፤ አንዲት ሴት እንዳልወደደችው ከተናገረች መተው ተገቢ ነው።

አሜሪካ ያደገው ልጄ «ዱድ» ይለኛል። ንቀት ነው?

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሎስ አንጀለስም ሆነ በሌሎች ከተሞች ልጆች ከሚያሳድጉ ወላጆች ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ቀላል ጥያቄም አይደለም። በአማርኛ አክብሮት በሰዋስው ውስጥ አለ። «አንተ»፣ «እርስዎ» እና «አንቱ» ብለን እንለያለን፤ ግሱም አብሮ ይለወጣል፤ «አባዬ»፣ «ጋሼ»፣ «እትዬ» እያልን እናድጋለን። የዛሬው እንግሊዝኛ ግን ለሁሉም አንድ ተውላጠ ስም ብቻ ስላለው አክብሮቱ የሚገለጸው በማዕረግ፣ በድምፅና በመጥሪያ ቃል ነው። ስለዚህ ወላጅ ቃሉን ሰምቶ በልቡ ወደ አማርኛ ሲመልሰው ልጁ ካሰበው በላይ ከባድ ሆኖ ሊሰማው ይችላል።

በመጀመሪያ ማጣራት የሚገባው ልጁ ቃሉን እንደ ቃለ አጋኖ ነው ወይስ እንደ መጥሪያ የተጠቀመበት የሚለውን ነው። ኳስ ሲገባ ወይም ምግብ ሲቃጠል «ዱድ!» ብሎ ከጮኸ አባቱን አልጠራም፤ «ውይ» እንደ ማለት ነው። «ዱድ፣ ቁልፉን ስጠኝ» ካለ ግን ወላጁን ከእኩያው ጋር አስተካክሎ ጠርቷል፤ ለንቀት ሳይሆን አይቀርም ከሚለው ሐሳብ ይልቅ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣው ልማድ ነው የሚለው ያመዝናል።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። በኪስሊንግ ጥናት የተጠየቁት አሜሪካውያን ተማሪዎች ራሳቸው ቃሉን በብዛት ለቅርብ ጓደኛ እንደሚሉት፣ ለወላጅ፣ ለአለቃና ለመምህር ግን እምብዛም እንደማይሉት ተናግረዋል። ስለዚህ «ለእኔ እንዲህ አትበለኝ» የሚል አባት ወይም እናት ልጁን ከአሜሪካ ባህል የሚያርቅ የአገር ቤት ሕግ እያመጣ አይደለም፤ እንግሊዝኛው ራሱ ያለውን ወሰን እያስተማረ ነው። ይህን በቁጣ ሳይሆን በማስረዳት መናገር ይቻላል። ልጁ ቃሉ ለማን እንደሚባልና ለማን እንደማይባል ከተረዳ፣ በሁለቱም ቋንቋ ሰውን በወጉ መጥራት ይማራል።

በሥራ ቦታ፣ ለፖሊስ ወይም ለማይታወቅ ሰው ቢባልስ?

በሥራ ቃለ መጠይቅ፣ በፍርድ ቤት፣ ለፖሊስ፣ ለሐኪም ወይም ለመምህር ፈጽሞ አይባልም። በሥራ ቦታ እኩዮች እርስ በርስ የሚጠራሩበት ከሆነ አዲስ ገቢ ሰው ጥቂት ቆይቶ፣ አካባቢውን አጥንቶ ቢጀምር ይመረጣል። ለማይታወቅ ሰው ደግሞ ድምፁ ትንሽ ከጠነከረ ጠብ እንደ መፈለግ ሊቆጠር ይችላል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ሌላም አደጋ አለ፤ ቃሉን በትክክለኛው ድምፅ ካላወጣው ያላሰበው ስሜት ይተላለፋል። ስለዚህ ቀድሞ መስማትን፣ ቆይቶ መናገርን እመክራለሁ።

ወደ አማርኛ እንዴት ይተረጎማል?

ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ ቃል የለም፤ ተርጓሚው እንደ አገባቡ መምረጥ አለበት። ስለ ሦስተኛ ወገን ሲሆን «ሰውዬው» ወይም «ልጁ» ይበቃል። የወንዶች መጥሪያ ሲሆን «ወንድሜ»፣ እንደ ተናጋሪው ዕድሜና ሰፈር ደግሞ «ጃል» ይስማማል። ልመናና ቅሬታ ሲቀላቀሉበት ከ«አቦ» የሚቀርበው ቃል አይገኝም፤ ለማስጠንቀቅ «ስማ»፣ ለማለዘብ «ኧረ ባክህ»፣ ለመደነቅ «ኧረ!» ወይም «ወይ ጉድ!» ይሆናል። የ1880ዎቹን ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው «ዘናጭ» ማለት ይኖርበታል፤ ስለ ካውቦዮች የሚተርክ ከሆነ ደግሞ «የከተማ ሰው» ወይም «ፋራ» ይሻላል። የፊልም ንግግር ግርጌ ላይ የሚጽፉ ተርጓሚዎች ብዙ ጊዜ ሁሉንም «ጓደኛዬ» እያሉ ያልፉታል፤ ይህ ሁለት የሚጣሉ ሰዎች እርስ በርስ «ጓደኛዬ» እንዲባባሉ ስለሚያደርግ ተመልካቹን ያሳስታል። ቃሉ ስሜት ከመግለጽ ሌላ ሥራ በሌለው ቦታ ላይ ደግሞ ጨርሶ ሳይተረጎም ቢቀርና ስሜቱ በዓረፍተ ነገሩ ግስና በቃለ አጋኖው ቢገለጽ ይሻላል።